ሁለቱ መስመሮች የት ሄዱ?

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ልብ ወለድ የሚመስለው ሰው ከዚህ ላይ ትቶ መሄድ ይችላል፤ አልቀየመውም። እኔ ግን ነገሩ የደረሰባትን ሴት አውቃታለሁ። ሱቄ በር ላይ ተቀምጣ ነው የነገረችኝ።

ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት...

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው በሩን ዘግቶ የሚጋደምበት፣ ውሻ እንኳ ከባጃጅ ሥር ገብቶ የሚያለከልክበት ሰዓት።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፊታችሁ ምግብ ካለ መጀመሪያ ብሉና ጨርሱ። ኋላ እኔን እንዳትረግሙ።

ሴትዮዋ ርግኣት ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ጦርነቱ ሲመጣ ከታላቅ እህቷ ከመብርሂት ጋር ከሑመራ ሸሽታ ተሻገረች። መጀመሪያ መንደር 8 የሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ቆዩ፤ ኋላ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ገቡ። ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

መብርሂት ለርግኣት እህት ብቻ አይደለችም። እናታቸው የሞተችው ርግኣት ጡት ሳትጥል ነው። አዝላ ያሳደገቻት መብርሂት ናት። "እታለም" ነው የምትላት።

መብርሂት አርባዎቹን አጋምሳለች። መልከ መልካም ናት። ግን በሁለቱ ቅንድቦቿ መካከል ሁለት ጥልቅ መስመሮች ነበሯት...

ድንበሩን በተሻገሩ ቀን ግንባሯን ቋጠረች፤ ከዚያ ወዲህ አልተፈታም። ስትስቅም የተቆጣች ትመስላለች። የሰፈር ልጆች ይፈሯታል። ርግኣት ግን እነዚያን መስመሮች ትወዳቸው ነበር። መንገድ ላይ ስንቱን ክፉ ሰው ያሸሸላት ያ የተቋጠረ ግንባር ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ካላዩ ደወለ።

ካላዩ ሾዋክ በምትባል ቅርብ ከተማ መኪና የሚጠግን የሑመራ ሰው ነው። በወጣትነታቸው መብርሂትን ሊያገባ ፈልጎ ሳይሳካለት ቀርቷል። አሁን ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው። በሰው በሰው አጠያይቆ አገኛት። ሽማግሌ ላከ። ነገሩ አለቀ። ፍልሰታ ሳይገባ፣ እሑድ ቀን፣ ትንሽ ድግስ ተበልቶ ወደ ሾዋክ ሊወስዳት ተቆረጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መብርሂት ከመስታወት ፊት አልተነሳችም።

"እሱ የሚያውቀኝ በሃያ ዓመቴ ነው" አለች። "ይህን ግንባር ሲያይ ምን ይላል?"

"እታለም... እሱም እኮ ሸምግሏል።"

"ወንድ ሲሸመግል ሽማግሌ ይባላል። ሴት ስትሸመግል ምን እንደምትባል ገና አልሰማሽም።"

በዚያው ሰሞን በሰፈሩ አንድ ወሬ ነበር። ከካርቱም ጦርነት የተፈናቀለች አንዲት ሴት አለች፤ "ዶክቶራ አማል" ይሏታል። ዶክተር ትሁን አትሁን የጠየቃት የለም። የፊት መጨማደድ የሚያጠፋ መርፌ ትወጋለች... ቦቶክስ። መድኃኒቱ የፊትን ጡንቻ ያደነዝዛል፤ ጡንቻው ሲደነዝዝ ቆዳው ይዘረጋል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ፊቱን ያስገድላል ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እንዲህ ነው የምለው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች ሄዱ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ በካርቶን ተደፍኗል። ዶክቶራ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ፊቷ እንደ አዲስ ሰሃን ነው፤ ዕድሜዋን መገመት አይቻልም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር መድኃኒቱን ከበረዶ ሳጥን ውስጥ አወጣችው።

ርግኣት አንገቷን አስግጋ አየች።

በረዶው ቀልጦ ቀላ ያለ ውሃ ሆኗል። ከብልቃጦቹ አጠገብ በፌስታል የታሰረ ዓሣ ተጋድሟል። አንዱ ብልቃጥ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበታል። ዶክቶራ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቀችና ጥፍሯን በቀሚሷ ጠረገችው።

"ይሄ ንጹሕ ነው?" አለች ርግኣት፣ በገበያ አረብኛዋ።

"ማፊ ሙሽኪላ። ምንም ችግር የለውም።"

ብልቃጡ ውስጥ ግን አንድ ነገር ነበር... ቀጭን፣ ነጭ፣ ክር የመሰለ። ዶክቶራ ስትነቀንቀው ጠፋ።

መርፌው መብርሂት ግንባር ላይ ሲገባ ድምፅ ነበረው። ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ እንደሚሰማው ዓይነት። አንድ ቦታ... ሌላ ቦታ... ከዚያ በሁለቱ መስመሮች መካከል። መርፌው ሲወጣ ቢጫ ጠብታ ወጣችና ወደ አፍንጫዋ ተንሸራተተች።

ዝንብ መጥታ ጠብታዋ ላይ አረፈች። ጠጣች።

ከዚያ አልተነሳችም። እግሯም ክንፏም እንዳለ ቀረ። ዶክቶራ በሁለት ጣቶቿ ለቅማ ወለሉ ላይ ጣለቻት።

"ዛሬና ነገ እንዳትነኪው" አለች። "እንዳታሺው። እሳት አጠገብ እንዳትደርሺ። ሙቀት ካገኘና ከታሸ ይሄዳል።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

ዶክቶራ የበረዶ ሳጥኑን ከደነች። ልትሸኛቸው ተነሳች... ግን ዞር አላለችም። ጀርባዋን ከግድግዳው ሳታላቅቅ፣ በጎን በጎን እየተራመደች ሄዳ በሩን ከፈተችላቸው።

ቤት ሲደርሱ ግቢው በጢስ ታጥኖ አገኙት።

ኡምሰልማ ናት። ኡምሰልማ ጎረቤታቸው ናት፤ ትውልዷ መተማ፣ እድገቷ ገዳሪፍ። እህትማማቾቹ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ የመጀመሪያዋን ፍራሽ የሰጠቻቸው እሷ ናት። አሁን ደግሞ ሙሽራዋን ልታስደስት ሳትነግራቸው ዱኻን አንድዳ ጠበቀቻቸው።

ዱኻን የእኛ አገር ወይባ ጢስ እንደማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ፍም ይደረግና የግራር እንጨት ይጨመርበታል። ሙሽራዋ ራቁቷን ከላዩ ትቀመጣለች፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ትሸፈንና ራሷ ብቻ ይወጣል። ላቧ ሲወርድ ድልካ ይከተላል። ድልካ ቅርንፉድና ሽቶ የገባበት ሊጥ ነው። ገላ ላይ ሲታሽ እድፉን ይዞ እየተንከባለለ ይረግፋል።

ጎረቤት ያነደደችልሽን ዱኻን እምቢ ማለት ደግሞ እዚያ አገር እጇን ተጸየፍኩት ማለት ነው።

"ያ ዐሩስ! ሙሽሪት፣ ነይ ግቢ" አለች ኡምሰልማ። "እንጨቱን ከጠዋት ጀምሬ ስመርጥልሽ ነው የዋልኩት።"

ርግኣት የእህቷን ክንድ ያዘች። በሹክሹክታ...

"እታለም፣ ሙቀት ተብለሻል።"

"ራሴ ውጭ ነው የሚሆነው። ዝም በይ።"

"ንገሪያትና ለቅዳሜ ታድርግልሽ።"

"በዚህ ዕድሜዬ ፊቴን ተወጋሁ ልበላት? ዝም በይ አልኩሽ።"

ገባች።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ፍም። የመብርሂት ላብ ከግንባሯ እየተንቆረቆረ በአገጯ ይንጠባጠባል። ኡምሰልማ ከጢሱ አውጥታ ሰሌን ላይ አስቀመጠቻትና በድልካው ጀርባዋን አሸች፣ ክንዷን አሸች። ቡናማ ፍርፋሪ ሰሌኑን ሞላው። ከዚያ እጇን ወደ ፊቷ ላከች።

"ፊቴን ተዪው" አለች መብርሂት።

"ሙሽራ ያለ ፊት ትሄዳለች እንዴ?"

በሁለት አውራ ጣቶቿ ከቅንድቦቿ መካከል ጀመረች። ገፋች... ወደ ላይ... በጸጉሯ ውስጥ... ወደ ኋላ፣ እስከ ማጅራቷ ድረስ። ኡምሰልማ ክንዷ ብርቱ ነው። አንዴ ስትጀምር አትራራም።

ማጅራቷ ጋ ስትደርስ ቀጥ አለች።

"ምነው?" አለች ርግኣት።

"ከእጄ ሥር... አንድ ነገር ሄደ።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ወላሂ አላወቅኩትም።" ኡምሰልማ ጣቶቿን አየቻቸው። "ሁለት ናቸው።"

ጣቶቿን አሸተተች። ፊቷን አዞረች። እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበችና የቀረበላትን ምሳ ሳትቀምስ ቤቷ ገባች።

ዓርብ ጠዋት መስመሮቹ ጠፍተዋል።

ግንባሯ እንደ ተላጠ እንቁላል ሆኗል። መብርሂት መስታወቱን ታቅፋ ዋለች። ርግኣትም ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። የእህቷን ሳቅ ያለ ቁጣ ልታይ ነው።

ሳቋን ግን አላየችውም። ሰማችው እንጂ።

ድምፁ ይስቃል... ፊቱ ዝም ብሎ ያያል።

ምሳ ዐሲዳ ነበር፤ ገንፎ ማለት ነው፣ በወይካ፣ በደረቅ ባሚያ ወጥ። የወይካው ልጋግ ከመብርሂት ከንፈር እስከ ሰሃኑ ድረስ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ አላወቀችውም። ዝንብ ጉንጯ ላይ አረፈች። በጉንጯ ወጣች... ዓይኗ ጥግ ደረሰች... እርጥቡን መላስ ጀመረች። መብርሂት ሽፋሽፍቷን አላርገበገበችም።

ርግኣት ዝንቧን በእጇ አባረረችላት።

"ምንድን ነው?"

"ዝንብ ነው፣ እታለም።"

"አልተሰማኝም።"

ርግኣት ከዚያ በኋላ ምሳዋን አልቀጠለችም።

ከሰዓት በኋላ ሹሩባ ልትሠራት ተቀመጡ። እነሱ ዘንድ ሙሽራን ሌላ ሰው አይሠራትም፤ የእህት ሥራ ነው። መብርሂት መሬት፣ ርግኣት ዱካ ላይ። የእህቷን ራስ በጉልበቶቿ መካከል አደረገችና ጸጉሩን በማበጠሪያው ጫፍ ከፈለችው። የፊቱን ጨረሰች። የጎኑን ጨረሰች። የኋላውን ከፈለች...

እጇ ቆመ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ። ከማጅራቷ ከፍ ብሎ፣ ጸጉሩ ውስጥ፣ ሁለት መስመሮች አሉ።

ጎን ለጎን። ጥልቅ። የምታውቃቸው።

ቆዳው በመስመሮቹ ግራና ቀኝ አብጧል። ውስጣቸው ይወዛል፤ ላብ አይደለም፣ ወፍራም ነው። ሽታው ያደረ ድልካና ያደረ ዓሣ ነው።

"ምን ሆንሽ?" አለች መብርሂት።

"ምንም።"

"ታዲያ ሥሪኝ እንጂ። ምን ትጎለቻለሽ?"

በተቆጣች ጊዜ መስመሮቹ ተቋጠሩ።

ርግኣት ማበጠሪያውን ከጸጉሩ አወጣች። ከእሑድ በፊት እህቷን ማስደንገጥ አልፈለገችም። "የሙቀት እብጠት ነው" አለች ለራሷ። ለጋ ቅቤ በጣቷ ዛቀችና ቀባችው።

ቅቤው ቀለጠ። ወደ መስመሮቹ ወረደ።

ከታች ቆዳው ተሰነጠቀ... ሦስተኛ መስመር፣ አግድም። ተከፈተና ቅቤውን ጠጣው። ጠብ ሳይል ጠጣው። ከዚያ የቀረውን ሊልስ ወደ ጣቷ ተነሳ፤ እርጥብ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ ከጥፍሯ ሥር ገብቶ ላሰ።

እኔ ይህን በሰማሁ ቀን ሱቄ ያለውን ቅቤ ሁሉ ለጎረቤት ሰጠሁ። እስከ ዛሬም ቅቤ አላስገባሁም።

ርግኣት እንዴት እንደጨረሰች አታውቅም። ሹሩባውን አጥብቃ፣ በላዩ ላይ ደራርባ ሠርታ ሸፈነችው። ጓሮ ወጥታ አስመለሳት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መብርሂት በጀርባዋ ተኝታለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ርግኣት ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ እህቷን ትመለከታለች።

ፊቷ ሰላም ነው። ዓይኗ ተከድኗል፤ አፏ ተዘግቷል።

ግን ድምፅ ይሰማል...

ማኘክ።

ጆሮዋን አቀናች። ከትራሱ ነው የሚመጣው። ቀስ ብላ እጇን በትራሱ ሥር ሰደደች። ጨርቁ ርሷል። ቅባት ጠጥቷል። ጥጡ ወጥቷል፤ የወጣው ጥጥ በምራቅ ተድበልብሏል።

ማኘኩ ቆመ።

"ርግኣት..."

ከሥር ነው። የታፈነ ነው። ግን ድምፁ የእህቷ ነው። ከሑመራ እስከ መንደር 8 ድረስ "አይዞሽ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ" ሲላት የመጣው ድምፅ።

"ርግኣት... አዙሪኝ።"

የመብርሂት ከንፈር አልተነቃነቀም።

"አፍኖኛል... አዙሪኝ።"

ርግኣት ሁለት እጇን ወደ እህቷ ትከሻ ዘረጋች። ልታዞራት ነበር። ያኔ የተከደነው ዓይን ተከፈተ። ለስላሳው ፊት ቀጥ ብሎ አያት።

"ምን አለችሽ?" አለ።

"ማን?"

"እሷ።"

ርግኣት ነጠላዋንም ሳትይዝ ሮጠች። ጫማዋ የት እንደወለቀ አታውቅም። የዶክቶራን በር በጡጫ መታች።

በሩ ገርበብ አለ። ዶክቶራ በስንጥቁ በኩል አየቻት።

"እህቴ... ወደ ኋላዋ ሄዷል። ይናገራል።"

"አሽታዋለች።"

"ጎረቤት ናት ያሸቻት። አውጪላት። የፈለግሽውን አድርጊ፣ አውጪላት።"

"መዐሌሽ፤ ምን ይደረግ።" የዶክቶራ ፊት አይቆጣም፣ አያዝንም። "አራት ወር ጠብቂ። መድኃኒቱ ሲለቅ..."

"ሲለቅ ምን ይሆናል?"

"ማን እንደቀረች ያኔ ይታያል።"

በዚያች ቅጽበት የዶክቶራ ሻሽ ከኋላ በኩል ወደ ውስጥ ተሳበ። ተመልሶ ተነፋ። ደግሞ ተሳበ። ሰው በጨርቅ ውስጥ ሲተነፍስ እንደሚሆነው። ዶክቶራ እጇን ወደ ኋላዋ ላከችና፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው።

"ሂጂ" አለች። በሩ ተዘጋ።

እሑድ ደረሰ።

ካላዩ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። መብርሂትን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ያው ነሽ" አላት። "አንድ ቀን እንኳ አልጨመርሽም።"

ርግኣት ወጡ ሲቀርብ ከኋላ በኩል ጎተተችው።

"ካላዩ፣ ዛሬ አትውሰዳት።"

"ምነው?"

"ታማለች። ጸጉሯን ከፍተህ እይ። ከኋላ በኩል... እባክህ አንዴ ብቻ እይ።"

ካላዩ በእርጋታ አያት። "ርግኣት፣ ያለ እሷ ማንም እንደሌለሽ አውቃለሁ። ሾዋክ ሩቅ አይደለም። ትመጪያለሽ፣ ትመጣለች።"

"እሱን አይደለም የምልህ..."

"እስቲ ተመልከቻት። ግንባሯ ላይ አንዲት ሐሳብ አለች?"

ተመለከተቻት። መብርሂት ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ታያታለች። ዓይኗን አልነቀለችባትም። በእጇ ግን ነጠላዋን ከኋላ በኩል አጥብቃ ይዛለች።

መለያያው ሰዓት መጣ። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ታለቅሳለች፤ ወግ ነው፣ ደስ ቢላትም ታለቅሳለች። ሴቶቹ እልል እያሉ ጠበቁ። መብርሂት አላለቀሰችም። አንዷ ሴት ለሌላዋ "ልቧ ድንጋይ ነው" ስትል ርግኣት ሰማቻት።

ከኋላ የቆመችው ርግኣት ብቻ አየች። ነጠላው በማጅራቷ በኩል ሁለት ቦታ ርሷል። እርጥቡ እየሰፋ ወደ ታች ይወርዳል።

"ቅቤው ቀለጠ" አለ ካላዩ ሳቅ ብሎ።

ርግኣት እህቷን አቀፈቻት። እጇ ሳታስበው በነጠላው ሥር ገብቶ ራሷን ያዘ። ሹሩባው ላልቷል። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ገቡ...

ትኩስ ነው። እርጥብ ነው። ከንፈር ነው።

ከንፈሩ ጣቶቿን ሳመ። ደግሞ ሳመ። ሕፃን ሳለች፣ እናታቸው የሞተች ሰሞን፣ መብርሂት ጣቶቿን አንድ በአንድ እየሳመች ነበር የምታስተኛት።

"አትስጪኝ" አለ ድምፁ። "ርግኣት፣ እኔ ነኝ። እኔ እዚህ ነኝ ያለሁት። አትስጪኝ።"

ምራቅና ቅቤ በእጇ አንጓ ላይ ፈሰሰ። ሽታው አፍንጫዋ ገባ።

እህቷ እንደሆነች አውቃለች። እያወቀችም ነው ተጸይፋት እጇን መንጭቃ ያወጣችው። በቀሚሷ ጠረገችው። ደጋግማ ጠረገችው።

ለስላሳው ፊት ወደ ጆሮዋ ቀረበ።

"እጅሽን ታጠቢ" አላት፣ በደግ ድምፅ።

መኪናው ተነስቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ርግኣት ደውላ ደውላ የሚያነሳላት ካላዩ ነው። "ደህና ናት" ይላታል። "ዝም ትላለች እንጂ ደህና ናት። ራሷን ሰው እንዲነካት አትወድም።" ሄዳ ልታያት መኪና ተራ ድረስ ደርሳ ነበር። እጇን አየችው፤ ተመለሰች።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ በር ላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ከመብርሂት ስልክ ፎቶ መጥቶላታል። አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ብቻዋን ማየት ከብዷት ኖሮ ስልኩን ሰጠችኝ።

አየሁት።

መብርሂት ናት። በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ፊቷ አብጧል፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። ግን ቀጥ ብላ ወደ እኛ ታያለች። በቅንድቦቿ መካከል ሁለቱ መስመሮች አሉ፤ እንደ ድሮው ተቋጥረዋል።

ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ።

"ተመስገን ነው!" አልኳት። "ይኸው መድኃኒቱ ለቀቃት። የራሷ ፊት ተመለሰላት፤ ምን ያስለቅስሻል?"

ርግኣት ጣቷን ፎቶው ላይ አደረገችና ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችው። ከአንገቷ በታች ያለው ታየ።

የቀሚሷ ዚፕ ወደ እኛ ነው። የኋላውን ወደ ፊት አድርጋ ለብሳው ይሆናል አልኩ በልቤ።

ርግኣት አሁንም ገፋችው። ወገቧ... የቀሚሷ ጠርዝ...

ባዶ እግሯን ናት። አሸዋው ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት የተሰነጣጠቁ ተረከዞች ይታያሉ።